ያልተቆለፈው ቁም ሣጥን፦ የሳን ሎሬንዞ ሕፃናት ጉዳይ

የሞንቴሶሪ ትምህርት (ልጅ ሥራውን ራሱ እየመረጠ፣ በእጁ እየሠራ የሚማርበት ዘዴ) የተጀመረው ከግድግዳ ነው።

ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ የሚባል ሠፈር አለ። በ1880ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ሠፈር ሕንፃ እንደ አሸን ፈላ። ብድር እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ከዚያ ገበያው ወደቀና ሥራው በድንገት ቆመ። በርና መስኮት እንኳ በቅጡ ያልተገጠመላቸው ሕንፃዎች እንዲሁ ተገትረው ቀሩ። መጠጊያ ያጣው ድሃ ገባባቸው። አንድ ክፍል ለብዙ ቤተሰብ ሆነ። ሠፈሩም ስሙ ሲነሳ ወንጀልና በሽታ አብረው የሚነሱበት ሆነ።

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ አንድ የሪል እስቴት ድርጅት ሕንፃዎቹን ይዞ ማደስ ጀመረ። የድርጅቱ ኃላፊ ኤዶአርዶ ታላሞ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ክፍሎቹን አስተካክሎ፣ አጽድቶ፣ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ። ጥሩ ሄደለት። አንድ ጣጣ ግን ቀረ። እናትም አባትም ጧት ወደ ሥራ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ። ትንንሾቹን የሚይዝ የለም። ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ፣ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ሲሞነጭሩ ይውላሉ።

ታላሞ ሒሳቡን ሠራ። ግድግዳ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ክፍልና ለአንዲት ጠባቂ ቢውልስ? ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የሞንቴሶሪ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍሉን ያገኘው በዚህ ስሌት ነው። ከጀርባው የረቀቀ የትምህርት ፍልስፍና አልነበረም። ይህን ማወቁ ደግ ነው፤ ታሪኩ በኋላ ብዙ ወርቅ ተቀብቷልና።

ዶክተሯና ጥያቄዋ

ታላሞ ሥራውን እንድትይዝለት የጠየቃት ማሪያ ሞንቴሶሪን ነው። ያኔ 36 ዓመቷ ነበር። በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቃለች። በዚያ ዘመን ጣሊያን ውስጥ በሕክምና የተመረቁ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከምረቃ በኋላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ሠርታለች። የሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞችን፣ የዣን ኢታርንና የተማሪውን የኤድዋር ሴጋንን ሥራ በደንብ አጥንታለች። ሁለቱም ልጅ የሚማረው በጆሮው ብቻ ነው ብለው አያምኑም ነበር። እጁም ዓይኑም ሥራ ማግኘት አለበት። የሴጋንን መሣሪያዎች መነሻ አድርጋ የራሷን አሠራች። ትምህርት አይገባቸውም ተብለው ከተተዉት ልጆች አንዳንዶቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት የንባብና የጽሕፈት ፈተና ላይ ተቀምጠው አለፉ።

ሰው ጉድ አለ። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። እነዚህ ልጆች ጤነኛ የተባሉትን ከደረሱባቸው፣ ጤነኞቹ ምን ቢደረጉ ነው እዚያ የቀሩት? የታላሞ ጥሪ ሲመጣ ይህን የምትሞክርበት ቦታ አገኘች።

ክፍሉ ጥር 6 ቀን 1907 በቪያ ዴይ ማርሲ ጎዳና ቁጥር 58 ተከፈተ። ስሙም «የሕፃናት ቤት» ተባለ። ወላጅ አይከፍልም። ልጁ ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሽርጥ ለብሶ ይመጣል። እናት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ብቅ ብላ ስለ ልጇ ከመምህርቷ ጋር ትነጋገራለች። ይህን የማያከብር ቤተሰብ ልጁ ይመለስበታል። መምህርቷም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ትኖራለች፤ ስለዚህ የልጆቹን ኑሮ ታውቀዋለች። በመምህርነት የሠለጠነች አልነበረችም። ሞንቴሶሪ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረችውም። የቆየ ልማድ ይዛ ስላልመጣች ደስ ብሏት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ግን አያበረታታም። ከ50 በላይ ልጆች፣ ሁሉም ከደረቅ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ለብሰዋል። የሚያለቅስ አለ። የሚፈራ አለ። ሲያናግሩት የማይመልስ ብዙ ነው።

እንጨቱ የሚያርመው ስሕተት

ክፍሉ ውስጥ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ወለል ላይ የተቸነከረ ረጅም አግዳሚ ወንበር አልነበረም። ሞንቴሶሪ ልጅ ራሱ አንሥቶ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ቀላል ጠረጴዛና ትንንሽ ወንበር አሠራች። ወንበሩ ቢወድቅ ይንኳኳል። ልጁም በሚቀጥለው ጊዜ ተጠንቅቆ ማለፍ ይለምዳል። ይህም የትምህርቱ አካል ነው።

ከዕቃዎቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ረዘም ያለ ወፍራም እንጨት ነው። 10 ጉድጓዶች አሉት። ለየጉድጓዱ በልኩ የተሠራ አንድ ሲሊንደር አለ፤ አናቱ ላይ ትንሽ እጀታ ያለው። አንደኛው እንጨት ላይ የሲሊንደሮቹ ቁመት እኩል ነው፤ ውፍረታቸው ግን ይለያያል። ልጁ ሁሉንም ያወጣል፣ ያደባልቃል፣ መልሶ ይከታል። ቀጭኑን ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ቢከተው እሺ ብሎ ይገባለታል። ጣጣው መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንድ ወፍራም ሲሊንደርና አንድ ጠባብ ጉድጓድ ተፋጠው ይቀራሉ። መምህርቷ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልጋትም። ልጁ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ የቱ ጋ እንደሳተ ይፈልጋል። በዚህ ፍለጋ ውስጥ ዓይኑ ቀጭንና ወፍራምን መለየት ይለምዳል።

እጀታዋም በከንቱ አልተቀመጠችም። በጣም ትንሽ ስለሆነች በጣት ጫፍ ካልሆነ አትያዝም። የምትያዘውም እርሳስ በሚይዙት በእነዚያው ሦስት ጣቶች ነው። ልጁ ስለ ጽሕፈት አንድም ቃል ሳይሰማ እጁ ለጽሕፈት እየተሰናዳ ነው።

ሞንቴሶሪ አንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ በእነዚህ ሲሊንደሮች ስትሠራ አየች። ታወጣለች፣ ታደባልቃለች፣ ትከታለች። እንደገና። እንደገና። ሞንቴሶሪ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ልትፈትናት ፈለገች። ሌሎቹን ልጆች አዘመረች፤ ልጅቷ ቀና አላለችም። ከነወንበሯ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እንጨቱን አቅፋ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠለች። ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው። ከዚያ አቆመች። ደስ ብሏት ዙሪያዋን አየች።

እኔን የሚገርመኝ ብዛቱ ሳይሆን ማቆሟ ነው። አቁሚ ያላት የለም። ደወልም አልተደወለም። የበቃት ሲመስላት አቆመች። «የዚህ ዕድሜ ልጅ ልቡን ሰብስቦ አይቀመጥም» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ይናጋል። ልጅ ልቡን የሚሰበስበው ሥራው ከአቅሙ ጋር ሲገጥምለት ነው፤ እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ገብተን የምናቋርጠው እኛው ነን።

ቁም ሣጥኑ

መጀመሪያ ላይ ዕቃዎቹ የሚቀመጡት በተቆለፈ ቁም ሣጥን ነበር። መምህርቷ ከፍታ ታድላለች፣ ሰብስባ ትቆልፋለች። አንድ ቀን ማታ መቆለፉን ረሳች። በማግስቱም አርፍዳ መጣች። ስትደርስ ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው ከበውታል። አንዳንዱ ቆሞ ይመርጣል። አንዳንዱ የመረጠውን ይዞ ሥራ ጀምሯል።

መምህርቷ የታያት ሌብነት ነው። ተግሣጽ ያስፈልጋቸዋል አለች። ሞንቴሶሪ ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። ልጆቹ ዕቃዎቹን ለይተው ስላወቋቸው የሚፈልጉትን መምረጥ ይችላሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ሣጥን ቀርቶ ልጆች የሚደርሱበት ዝቅ ያለ ቁም ሣጥን ተሠራ። ልጁ ያሻውን ያነሣል። ሲጨርስ ቦታው ይመልሳል።

ከዚህ ጉዳይ አንዲት ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ይህችን እወስዳለሁ። ልጁ የሚመራው ትምህርት የሚባለው ነገር በዕቅድ የመጣ አልነበረም። መቆለፍ ተረሳ፣ አንዲት አዋቂ ሴት ደግሞ ከመቆጣቷ በፊት ቆም ብላ አየች። ምርጫውም ያለ ወሰን አልነበረም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ አስቀድሞ ታስቦበት የተሠራ ነው። ከየትኛውም ቢጀምር ልጁ የሚማረው ነገር አለ። ልጅ ይምረጥ ብሎ ዝርክርክ ክፍል ውስጥ ልቅቅ ማድረግና ይህ ለየቅል ናቸው። ዛሬ ሰው ሁለቱን ሲያምታታ አያለሁ። አንዱ «ልጅን ለቀው ምን ይማራል?» ይላል፤ ሌላው ልጁን ለቆ «ሞንቴሶሪ ነው» ይላል።

ክልከላም ነበር። ሌላውን የሚጎዳ፣ የሚያውክ፣ ጸያፍ ነገር ወዲያው ይቆማል። የሚያስቸግር ልጅ ቢኖር ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ከዚያ ሆኖ ጓደኞቹ ሲሠሩ ያያል። የሚፈልገው መጫወቻም ይቀርብለታል። አይሰደብም፣ አይመታም፤ እንደ ታመመ ልጅ ይያዛል።

ሽልማትስ? በጊዜው ደንብ ነበር። መምህርቷ ጎበዝ ላለችው ልጅ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል መስቀል ሰጥታለች። ሌላው ተቀጥቶ ወንበር ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ተሸላሚው ዕቃ እያመላለሰ ሲሠራ መስቀሉ ወደቀበት። የተቀጣው አንሥቶ እያገላበጠ አየው፤ ከዚያም እኔ ባደርገው ቅር ይልሃል ወይ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀው። ባለሥራው ግድ አልሰጠውም። መስቀሉ በተቀጣው ልጅ ደረት ላይ ቀረ፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሞንቴሶሪ ከዚህና ከመሳሰሉት ተነሥታ ሽልማትንም ቅጣትንም ከክፍሉ አስወጣች።

ደግሞ የአፍንጫው ነገር አለ። አንድ ቀን ስለ አፍንጫ መናፈጥ ልታስተምራቸው ወሰነች። መሐረብ አውጥታ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ሰው ሳያይ እንዴት እንደሚናፈጥ ቀስ ብላ አሳየች። ልጆቹ ዝም ብለው አዩ። ስትጨርስ ጭብጨባው ቀለጠ። እነዚህ ልጆች በአፍንጫቸው ሲሰደቡ ነው የኖሩት። «ንፍጣም» ያላቸው ብዙ ነው፤ እንዴት እንደሚናፈጥ ያሳያቸው አልነበረም።

ሰገነቱ ላይ

ሞንቴሶሪ መጀመሪያ ንባብና ጽሕፈት ለማስተማር አላሰበችም ነበር። ልጆቹ ገና ናቸው ብላ። እናቶቹ ግን ለመኑ። ብዙዎቹ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ልጆቹ እዚህ ይህን ያህል ሲለወጡ ካዩ በኋላ ፊደል ለምን ይቀርባቸዋል አሉ።

ስለዚህ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት በፊደል ቅርፅ ተቆርጦ ካርቶን ላይ ተለጠፈ። ልጁ በሁለት ጣቱ ሸካራውን መስመር እንደሚጻፈው አድርጎ ይከተላል። ከመስመር ቢወጣ ጣቱ ለስላሳውን ካርቶን ይነካና ያውቃል። መምህርቷ በዚያው ጊዜ የፊደሉን ድምፅ ትለዋለች። ከዚያ «ይህን ፊደል ስጠኝ» ትለዋለች። ቢሳሳት አታርመውም። ነገሩን ትታ ሌላ ቀን ትመለስበታለች። ለብቻው ደግሞ ልጁ የብረት ቅርፆችን ዙሪያ በእርሳስ እየተከተለ፣ ውስጡን በመስመር እየሞላ እርሳስ መያዝ ይለማመዳል። ከካርቶን የተቆረጡ ነፃ ፊደሎችም አሉ፤ በእነሱ ቃል ይደረድራል። እጅ ለብቻው፣ ድምፅ ለብቻው፣ ቃል መገጣጠም ለብቻው። «ጻፍ» ያለው ግን የለም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ፤ አየሩ የጸደይ ይመስላል። ሞንቴሶሪ ከልጆቹ ጋር የሕንፃው ሰገነት ላይ ወጣች። አጠገቧ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ጠመኔ ሰጥታው የጭስ መውጫውን እንዲሥል ጠየቀችው። ሣለው። ጥሩ ነው አለችው። ልጁ አያት፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ጮኸ፤ መጻፍ እችላለሁ! ተንበርክኮ ወለሉ ላይ በጣሊያንኛ «እጅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ «የጭስ መውጫ»። ከዚያ «ጣሪያ»። እየጻፈ ይጮኻል። ሌሎቹ ከበቡት። ሁለት ሦስቱ ጠመኔ አምጪ፣ እኛም እንጽፋለን አሉ። ጻፉም።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ወለል ላይ ይጽፋሉ፣ በር ላይ ይጽፋሉ። እናቶቹ ወለላቸውን ለማዳን ወረቀትና እርሳስ እስከ መስጠት ደረሱ። በሞንቴሶሪ ዘገባ መሠረት የአራት ዓመት ልጅ ከመሰናዶው እስከ መጀመሪያው ቃል የሚፈጅበት ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ነበር። ማንበብ የመጣው ከመጻፍ በኋላ ነው። ከታላሞ አንፃር ካየነው ግን ትንሽ ያስቃል፤ ግድግዳ እንዳይሞነጨር የተከፈተው ክፍል ሕንፃውን በፊደል ሞላው።

የጉዳዩ ድክመት

አሁን ጥርጣሬውን እናምጣ። ይህን ሁሉ የጻፈችው ራሷ ሞንቴሶሪ ናት። የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ልጆቹ ከደረጃ ሥር ተነሥተው ንጹሕ ክፍል፣ የሚከታተላቸው ሰው፣ ሐኪም ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኙ። ለውጡን ያመጣው የትኛው ነው? ከሳን ሎሬንዞ ብቻ ተነሥቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ጣሊያንኛም ረድቷታል። እንደሚሰማው ነው የሚጻፈው። በእንግሊዝኛ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ቢጽፍ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊሊያም ኪልፓትሪክ በ1914 ባሳተመው ትችት መሣሪያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ለምናብ ጨዋታ ቦታ አይሰጡም ብሎ ነበር። ግማሹ እውነት ነው ባይ ነኝ። ሲሊንደሩን መኪና አድርጎ የሚነዳ ልጅ በዚያ ክፍል ብዙም አይበረታታም። ልጅ ግን ያም ያስፈልገዋል።

ታላሞና ሞንቴሶሪም አልዘለቁም። ሁለተኛው ክፍል እዚያው ሠፈር በሚያዝያ 1907 ተከፍቶ ነበር። በ1908 ሚላን ውስጥም ተከፈተ። ዝናው ሲመጣ ግን ተቃቃሩና ከሳን ሎሬንዞ ወጣች። በ1909 ስለ ዘዴው የጻፈችው መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የሌላ ጊዜ ወሬ ነው።

የንጽጽሩ ክፍተት ለመሞላት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የመንግሥት ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት ልጆችን በዕጣ ይቀበል ነበር። ይህ ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። ዕጣ የወጣላቸውም ያልወጣላቸውም ልጆች ወላጆች ትምህርት ቤቱን ፈልገው ያመለከቱ ናቸውና «የወላጁ ትጋት ነው» ለማለት አይመችም። ተመራማሪዎቹ አንጀሊን ሊላርድና ኒኮል ኤልስ-ክዌስት ውጤቱን በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። ዕጣ የወጣላቸው የአምስት ዓመት ልጆች ፊደልና ቃል በመለየት፣ በሒሳብ፣ ራስን በመቆጣጠር በልጠው ተገኙ። በጨዋታ ሜዳ ላይም ከጓደኞቻቸው ጋር ያላቸው ነገር የተሻለ ነበር። በ2017 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ 141 ልጆችን ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ የተከተለ፣ እንዲሁ በዕጣ ላይ የተመሠረተ ጥናት ታተመ። እዚያም የሞንቴሶሪዎቹ በትምህርት ውጤት ቀድመው ተገኙ። ልዩነት ያላዩ ጥናቶችም አሉ። ስሙን የለጠፈ ሁሉ ሥራውን አይሠራም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያጠናክር ነገር ሊላርድ በ2012 ባወጣችው ጥናት ላይ ይገኛል። ሦስት ዓይነት ክፍሎችን አነጻጸረች። አንደኛው የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ብቻ የያዘ። ሁለተኛው መሣሪያዎቹን ከተለመዱ መጫወቻዎችና የልምምድ ወረቀቶች ጋር የቀላቀለ። ሦስተኛው መደበኛ ክፍል። በዓመቱ ውስጥ ይበልጥ የተሻሻሉት የመጀመሪያው ክፍል ልጆች ናቸው።

ለልጁ ክፍል የሚፈልግ ወላጅ እንግዲህ መደርደሪያውን ቀረብ ብሎ ይይ። ልጁ ይደርስበታል? ዕቃው ስሕተቱን ለልጁ ያሳየዋል ወይስ መምህርቷ መጥታ ማረም አለባት? ከዚያ ሥራ ላይ ያለ አንድ ልጅ መርጦ ሩብ ሰዓት ያህል ይመልከተው፤ በዚያ መሃል አዋቂ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠው ይቁጠር።